ዝም አይነቅዝም፣ አለቃም አይነቀልም

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው መቼም ሥራ አስኪያጅ ሳይሆን አይቀርም። “ዝም አይነቅዝም” ያለው ደግሞ የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ሁለቱ ተረቶች ተጋግዘው ስንቱን አለቃ አሳድገዋል መሰላችሁ! የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚበላውን፣ ላልተገዛ ዕቃ የሚያስፈርመውን፣ ሴት ሠራተኞችን መግቢያ መውጫ የሚያሳጣውን... ሁላችንም እናውቀዋለን። ታዲያ ሁሌም ዝም ብለን ነው የኖርነው? ታሪክ እንዲያ አይልም።

ከአምቦ ተነስታችሁ የነቀምቴን መንገድ ብትይዙ ጌዶ አካባቢ ኦዳ ቢሲል አለ። የሜጫ ኦሮሞ ከኦዳው ሥር ተሰብስቦ ሕግ ያወጣበት ቦታ ነው። በገዳ ሥርዓት አባ ገዳ የሚመራው ስምንት ዓመት ነው። እስከዚያ ግን እንደፈለገ ይሁን አልተባለም። ያጠፋ መሪ በጉባኤ ፊት ተጠይቆ፣ ዘመኑ ሳያልቅ ሊነሳ ይችላል። ይህ “ቡቂሱ” ይባላል፤ መንቀል ማለት ነው። ልብ በሉ! ከሳሹ ጥግ ይዞ አያንሾካሹክም። የሚናገርበት ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ሰሚም አለው።

በቤተ መንግሥት በኩል ደግሞ “አቤት!” ነበረች። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተበደለ ሰው እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ አቤት ይል ነበር። ችግሩ ንጉሡ አንድ፣ በዳዩ ሺህ መሆኑ ነው። ለአምቦ (ያኔ “ሀገረ ሕይወት” ትባል ነበር) የቀን ሠራተኛ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ደጅ መጥናት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሳይከስስ ይከስራል!

በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም ግን አቤቱታው የጋራ ሆነ። ማኅበሩ ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ቀናት አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ከዚያ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ “ሥራ አስኪያጃችን ይነሳልን” የሚል ጥያቄ ፈላ። የጅማ ሕዝብማ አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን እስከ ማስነሳት ደረሰ። በዚያው ዓመት ባለሥልጣናትን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ።

መጨረሻው ግን አሳዛኝ ነው። ምርመራው ሳያልቅ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የሠራተኞቹን ማኅበር ዘጋው። አቤት ያለው ሕዝብ የጠየቀው ፍርድ ነበር፤ የተሰጠው ጥይት ሆነ። ሰሚውም ተናጋሪውም አብረው ጠፉ።

ዛሬስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። በአንቀጽ 26 መሠረት በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም በክስ መካፈል ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም። አለቃ ሰብአዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። አሥር ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋምም ይቻላል። (የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ነው።)

አዋጁ ግን ሰዓት ቆጣሪ አለው። በዚህ ምክንያት ለመልቀቅ ያላችሁ ጊዜ 15 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ያለአግባብ ተባርራችሁ ወደ ሥራችሁ ለመመለስ የምትከሱት በሦስት ወር ውስጥ ነው። ያልተከፈለ ደሞዝና የትርፍ ሰዓት በስድስት ወር ይታገዳል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ የአጎታችሁ ጓደኛ ነው። “እስቲ ሽማግሌ ይላክበት” ሲባል ወሩ ያልፋል፣ መብቱም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ ሽምግልናው ይቀጥል፣ ወረቀቱ ግን አይዘግይ! የሆነውን ከነቀኑ ጻፉት፤ ቅጂው ላይ “ደርሶኛል” አስብላችሁ አስፈርሙ። ብቻችሁን ከምትሆኑ ሦስት አራት ሆናችሁ ፈርሙ። የኦዳ ቢሲል ሰዎች መሪ የነቀሉት በሐሜት አይደለም፤ በጉባኤ ነው።

እውነት ነው፣ ዝም አይነቅዝም። ዝም ያሉት አለቃም አይነቀልም።