የቲቢ ባክቴሪያ አጃቢ ፕሮቲኖች አወቃቀር

የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) አምጪ ባክቴሪያ በሰው አካል ውስጥ የሚደርስበትን ጥቃት ተቋቁሞ እንዲቆይ ከሚረዱት ነገሮች መካከል ሻፐሮን ወይም አጃቢ በመባል የሚታወቁት ፕሮቲኖች ይገኙበታል።

ማንኛውም ፕሮቲን ሲመረት እንደ ክር የተዘረጋ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚያከናውነው ተገቢውን ቅርጽ ይዞ ሲታጠፍ ነው። አጃቢዎቹ ሰንሰለቱ ከሌሎች ጋር ተጣብቆ እንዳይበላሽ ይጠብቃሉ። እንደ ሠርግ ሚዜ ተግባራቸውን ፈጽመው ገለል ይላሉ እንጂ የተጠናቀቀው ፕሮቲን አካል አይሆኑም።

ከእነዚህ መካከል በስፋት የተጠናው ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ የሚገኘው ግሮኢኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነው የኤክስሬይ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ግሮኢኤል 14 ተመሳሳይ ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ እነዚህም ሰባት ሰባት በመሆን ጀርባ ለጀርባ የተጋጠሙ ሁለት ቀለበቶችን ይሠራሉ። ያልታጠፈው ፕሮቲን ወደ ቀለበቱ ባዶ ክፍል ሲገባ ግሮኢኤስ የተባለ ሌላ ፕሮቲን እንደ ክዳን ይዘጋበታል። ፕሮቲኑም ለ10 ሰከንድ ያህል ብቻውን ሆኖ የመታጠፍ ዕድል ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል የሚገኘው ኤቲፒ ከተባለው ሞለኪውል ነው።

የቲቢ ባክቴሪያ ግን ከዚህ ለየት ይላል። አንድ ሳይሆን ሁለት ዓይነት ግሮኢኤል ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ሁለተኛው ዓይነት ተጣርቶ ሲታይ የተገኘው 14 ክፍሎች ባሉት ቀለበት ሳይሆን በጥንድ መልክ ነው። ክፍል የሌለው ጥንድ ሌላውን ፕሮቲን እንዴት ሊያሳጥፍ እንደሚችል ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር የቆየ ጥያቄ ነው።

ሁለቱ በሥራም ይለያያሉ። ባክቴሪያው ያለ ሁለተኛው መኖር አይችልም። የመጀመሪያው ሲወገድበት ግን በሕይወት ይቆያል፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት እንደታየው፣ እንዲህ ያለው ባክቴሪያ በአይጦች ሳንባ ውስጥ ቢራባም የቲቢ መለያ የሆነውን እብጠት አላስከተለም።

ይህም አጃቢዎቹን የአዲስ መድኃኒት ዒላማ ለማድረግ ፍላጎት አሳድሯል። መደበኛው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወራት የሚወስድ በመሆኑና መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በመኖሩ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ እ.ኤ.አ. ለ2021–2025 ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ለሆነችው ኢትዮጵያ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። ዋነኛው እንቅፋት የሰው ሴል ራሱ ተመሳሳይ አጃቢ ያለው መሆኑ ሲሆን፣ ባክቴሪያውን የሚመታው መድኃኒት የሕመምተኛውን ፕሮቲን እንዳይነካ በሁለቱ መካከል ያለውን ጥቃቅን የቅርጽ ልዩነት ለይቶ ማወቅን ይጠይቃል።