ጋሻ ጃግሬው ጋሻውን እስኪወርስ

ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በ«ካፒቴን አሜሪካ» ኮሚክ 117ኛ ቁጥር ላይ ሳም ዊልሰን የሚባል ጀግና ብቅ አለ። የጀግንነት ስሙ ፋልከን ነው። ደራሲው ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ጂን ኮላን ናቸው። ብላክ ፓንተር በ1966 ቢቀድመውም እሱ አፍሪካዊ ንጉሥ ነው፤ በታላላቆቹ አሳታሚዎች ዘንድ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ልዕለ ኃያል ፋልከን ሆነ።

ከ1971 እስከ 1978 መጽሔቱ የሁለቱንም ስም በሽፋኑ ይዞ ወጣ። ፋልከን በሀርለም የራሱ ሰፈር፣ የማኅበራዊ ሠራተኛነት ሥራና የራሱ ጣጣ ነበረው።

ሲኒማው ግን ጋሻ ጃግሬ አደረገው። በ2014ቱ ፊልም ሳም የቀድሞ ወታደር ሆኖ መጣ፤ ሀርለም ቀረች። ካፒቴኑ በሩን ሲያንኳኳ ይከፍታል፣ ሲጠሩት ይበራል። እህቱንና የቤተሰቡን መንደር ያየነው በ2021ዱ ተከታታይ ድራማ እንጂ በሲኒማ አይደለም። ጋሻውን በ2019 ተረከበ፤ የራሱን ፊልም ያገኘው በ2025 ነው።

በወረቀት ላይ ስሙ ሽፋን ላይ ለመውጣት ሁለት ዓመት በቃው። በሲኒማ ፊት ለመቆም 11 ዓመት ፈጀበት። ክንፉ ያው ክንፍ ነው፤ ጀግናውን አጃቢ ያደረገው ካሜራው እቤቱ ድረስ አለመከተሉ ነው።