ሁለቱ የ1865 ልጆች እና የእኛ የማክሮ ሌንስ ክርክር

ለመሆኑ ጥቃቅን ነገሮችን አጉልቶ ለማንሳት የትኛው ዕቃ ይሻላል? እኛ በዚህ ጥያቄ ስንከራከር ከረምን። ‹‹ማክሮ ሌንስ ሳልገዛ አልጀምርም›› ያልንም አለን። ክርክሩ አልቋጭ ቢለን ፊታችንን ወደ ታሪክ አዞርን፤ ታሪክም በ1865 የተወለዱ ሁለት ሰዎችን አስተዋወቀን (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

አንደኛው በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ በጄሪኮ የሚኖር ገበሬ ነው፤ ዊልሰን ቤንትሌይ። በጃንዋሪ 1885፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ የበረዶ ቅንጣት አነሳ። የሚሠራው እሳት በማይነድበት ክፍል ነበር፤ ሙቀት ከገባ ቅንጣቷ ትቀልጣለቻ! እንዲህ እየተንቀጠቀጠ ከ5,000 በላይ ቅንጣቶችን አነሳ። ጀርባው እንዲጠቁር ግን በኔጋቲቩ ላይ የቅንጣቷን ዙሪያ በስለት ይፍቅ ነበርና የተቹት አልጠፉም። ከ2,400 በላይ ምስሎች የያዘው መጽሐፉ በ1931 ታተመ፤ እሱም በዚያው ዓመት በዲሴምበር በሳንባ ምች ሞተ።

ሁለተኛው የበርሊኑ የሥነ ጥበብ መምህር ካርል ብሎስፌልት ነው። ካሜራ የያዘው ለተማሪዎቹ የዕፅዋትን ቅርጽ ለማሳየት ነበር። ቤት ሠራሽ የእንጨት ካሜራ፣ የመስኮት ብርሃን፣ ከጀርባ ነጭ ወይም ግራጫ ካርቶን፤ በቃ! በዚህ እስከ 30 እጥፍ ያጎላ ነበር። ዝናው የመጣው ግን በ1928 መጽሐፉ ሲወጣ፣ ስድሳን ከተሻገረ በኋላ ነው።

የጥንቱ ዘዴ ቀላል ነው፤ ሌንሱ ከፊልሙ በራቀ ቁጥር ምስሉ ይጎላል። ለዚህም እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋ መሣሪያ ይገጠም ነበር። ዋጋ ግን ያስከፍላል። ነገሩን በራሱ ልክ ስናነሳው ፊልሙ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ጥርት ብሎ የሚታየውም ስስ ንጣፍ ብቻ ይሆናል። በ1955 የሃይንዝ ኪልፊት ማክሮ-ኪላር ሌንስ ሲመጣ ለ35 ሚሊሜትር ካሜራ ወናፉ ግድ መሆኑ ቀረ።

እንግዲህ ምርጫው የሚጀምረው ከገበያ ሳይሆን ከሚነሳው ነገር ነው። ቅጠል ወይም ሳንቲም ከሆነ ወደ ቤት ይመጣል፤ 50 ወይም 60 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና መስኮት ይበቁታል። ንብ ግን ስንጠጋት ትበራለች፤ ነፋሱም አበባውን ያወዛውዛል። እዚያ ራቅ ብሎ ለመቆም 100 ሚሊሜትር አካባቢ ሌንስ፣ ንቅናቄውን ለማስቆም ደግሞ ፍላሽ ያሻል። ኪሱ የሳሳ ደግሞ ባለው ሌንስና በካሜራው መካከል መስታወት የሌለው ባዶ ቀለበት ያስገባል፤ የወናፉን ሥራ ይሠራለታል።

ቤንትሌይን የተቹበት ጉዳይ ግን በየትኛውም ሌንስ አይፈታም፤ ያየነውን ማሳመር የምናቆመው የት ላይ ነው? እሱን ክርክር ቀጥለናል። የሌንሱን ግን እዚህ ላይ ዘጋን፤ ነገ ጠዋት መስኮት ሥር፣ በአንዲት ቅጠል እንጀምራለን።