አስማተኛው በልጅነቱ፦ የምናብ ልብ ወለድና የወጣት አንባቢ ስሜት

በምዕራቡ ዓለም ልብ ወለድ አስማተኛ ሲባል ለረጅም ዘመን ሽበታም ሽማግሌ ነበር፤ የቶልኪን ጋንዳልፍም ከዚሁ ወገን ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለጉዊን ግን አንድ አሳታሚ ለወጣቶች እንዲጽፉለት በጠየቃቸው ጊዜ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች በልጅነታቸው ምን እንደ ነበሩ፣ ጥበቡንስ ከየት እንደ ተማሩት ማሰላሰል ጀመሩ። በ1968 እ.ኤ.አ. የታተመው «የኧርዝሲ አስማተኛ» የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ባለታሪኩ ጌድ በሕፃንነቱ እናቱ የሞተችበት የፍየል እረኛ ነው። በአስማት ትምህርት ቤት ሳለ ከባልንጀራው ጋር እልህ ተጋብቶ ሙት መንፈስ ሲጠራ፣ ጥላ የሚመስል ክፉ ፍጡር አብሮ ይወጣና ፊቱን ያቆስለዋል። የትምህርት ቤቱ አለቃም የተከፈተውን በር ሲዘጉ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከዚያ በኋላ ጌድ ጥላውን ይሸሻል።

የወጣቱን ልብ የሚይዘው አስማቱ አይደለም። በእልህ የተሠራ ስሕተት፣ ለማንም የማይነገር ኀፍረት፣ አካል ገዝቶ ሲከተል ይታያል። ወላጅ «ያልፋል» ብሎ የሚያቃልለው ፍርሃት እዚህ ባሕር ያሻግራል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከእውነት መሸሻ ነው የሚል መምህር ገጾቹን በሚገባ አላነበበም። መምህሩ ኦጊዮን እንኳ ስለ ጌድ አይዋጋለትም፤ ዞሮ አሳዳጁን እንዲያሳድድ ይመክረዋል እንጂ። በፍጻሜውም ጌድ ጥላውን የሚጠራው በገዛ ስሙ ነው።

በ1971 በመጽሐፍ መልክ የወጣው ሁለተኛው ክፍል ጉዳዩን በሴት ልጅ በኩል ያነሣል። ቴናር በሕፃንነቷ ከወላጆቿ ተወስዳ፣ ስሟን ተነጥቃ የመቃብር ካህን የሆነች ናት። ስሟ ተመልሶላት ከጨለማው ስትወጣ፣ ነጻነቱ ከብዷት ታለቅሳለች።