ቁስል በምን ይመዘናል?



አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ። ዳኛ ፊት ሲቀርብ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ቁስሉ ምን ያህል ከባድ ነበር? ለዚህ ጥያቄ የመጣንበት አገርም፣ ዛሬ የምንኖርባት ጅቡቲም በየዘመኑ የተለያየ ሚዛን ነበራቸው።

እዚህ የኢሳ ሶማሌዎች «ሔር» የሚባል በቃል የሚተላለፍ ሕግ አላቸው። ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ግራ ቀኙን ሰምተው ካሳ ይቆርጣሉ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2024 ይህን ሕግ በቅርስነት መዝግቦታል።

ፈረንሳዮች ሲመጡ ደግሞ ቀን የሚቆጥር ሕግ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1810 የወጣው የወንጀል ሕጋቸው፣ የተመታው ሰው ከ20 ቀን በላይ ከታመመ ወይም ሥራ መሥራት ካቃተው ድርጊቱን ከባድ ወንጀል ይለው ነበር። ከዚያ ካነሰ ቅጣቱም ይቀላል። ጅቡቲ የራሷን የወንጀል ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ሕጉ ከቀኑ ይልቅ ገላውን ያያል። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. ሕግ ከባድና ቀላል ጉዳትን ለየ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ሕግም ይህንኑ ተከትሏል። በአንቀጽ 555 ሕይወትን አደጋ ላይ የጣለ፣ አካል ያጎደለ ወይም መልክን ክፉኛ ያበላሸ ጉዳት ከባድ ነው፤ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ቀላሉ በአንቀጽ 556 ይታያል። ጉዳቱ ሲያከራክር የሐኪም አስተያየት ይጠየቃል።

እንግዲህ ቀንም ተቆጠረ አካልም ታየ፣ ያለ ሐኪም ወረቀት ነገሩ ይከብዳል። ከኛ መሃል አንድ ልጅ እዚሁ ከተማ ውስጥ ተደብድቦ ክንዱ ተሰበረ። መታወቂያ ስላልነበረው ፈርቶ ቤት ተኛ፣ እኛም በጨርቅ አሰርንለት። ከሁለት ወር በኋላ ለመክሰስ ሲነሳ አጥንቱ ገጥሞ ነበር። ምን ያህል እንደተጎዳ፣ ስንት ቀን እንደተኛ የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳ አልነበረውም። ተወጊው ባይረሳም ገላው ይረሳል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ይህን ይያዙልን፤ የተጎዳ ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፣ ቀኑ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብሎ ያስቀምጥ። እኛ ያን ጊዜ አላወቅንም ነበር።

ቸር እንሰንብት።