የመጻሕፍት ጠባቂና ቍልፉ፤ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ስላለው ተማሪ የቀረበ ጽሑፍ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመለከተው የፈለግነው፥ በአገራችን የመጻሕፍት ጠባቂነት ሥራ ከየት ተነሥቶ በዛሬው የኮምፒዩተር ዘመን ወዴት እንደ ደረሰ ነው። ነገሩን ከአዲስ ዓለም ጀምሮ በጊንጪ፥ በአምቦ፥ በጉደርና በጌዶ አልፎ እስከ ባኮ ካለው መንገድ ላይ ሆነን መመልከታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ መንገድ ተማሪ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነው ይባላል፤ ሆኖም የሚፈልገው መጽሐፍ ዘወትር ከርሱ ወዲያ ማዶ ሆኖ ኖሯል። ዓመተ ምሕረት ያልተባለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

በጥንቱ ሥርዓት መጽሐፍ ጠባቂው የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ነበረ። ብራናው በማኅደሩ ገብቶ በዕቃ ቤት ይቀመጣል። ጽዋውም መስቀሉም መጽሐፉም ተቈጥሮ ብዙ ጊዜ በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ይመዘገባል፤ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝም በዚያው በብራናው ላይ ይጻፋል። እንግዲህ የገበዙ ግዴታ አንድ ነው፤ ይኸውም የተረከበውን ሳያጐድል ማስረከብ ነው። ይህ ለተማሪው ጭካኔ አልነበረም። የቈሎ ተማሪ ትምህርቱን የሚቀበለው ከየኔታ አፍ ነውና፥ ቍልፉ በገበዙ እጅ መሆኑ ከዕውቀት አላገደውም።

ነገሩ የተለወጠው ትምህርቱ ከቃል ወደ ታተመ መጽሐፍ በተሻገረ ጊዜ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ. ም. ተቋቋመ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በ1943 ዓ. ም. ትምህርት ጀመረ። የኮሌጁን ቤተ መጻሕፍት የመሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ኾይናትስኪ፥ ቀድሞ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ኋላም በ1960ዎቹ ዓመታት በዩኒቨርሲቲው የሠሩት ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት፥ ለሥራው አዲስ ትርጕም ሰጡት። መጽሐፍ ማስቀመጥ ብቻ አልበቃቸውም፤ ምን እንደ ታተመና ምን እንዳለ ዝርዝር እያዘጋጁ ለአንባቢ አሳወቁ። ዝርዝር ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ተማሪ መኖሩን ያላወቀውን መጽሐፍ ሊጠይቅ አይችልም። በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ተማሪዎች ስለየአገራቸው የጻፉትን የመመረቂያ ድርሰት እየተቀበለ አኖረ። ስለ አውራጃ ታሪክ የተጻፈው ሁሉ ወደ ዋና ከተማው ስለ ገባ ግን፥ የአውራጃው ልጅ ስለ ገዛ አገሩ ለማንበብ አዲስ አበባ መውረድ ነበረበት።

በአምቦ፥ ያን ጊዜ ሀገረ ሕይወት በምትባለው ከተማ፥ የእርሻ ትምህርት ቤቱ በ1939 ዓ. ም. ተቋቁሞ ነበር፤ እርሱም ኋላ ኮሌጅ፥ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በአውራጃ ትምህርት ቤቶች ግን የገበዙ ልማድ በመንግሥት ንብረት ሕግ ልብስ ተመለሰ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እኔ ራሴ በልጅነቴ በተማርሁበት ቤት መጻሕፍቱ በመስተዋት ቁም ሣጥን ተቈልፈው ጀርባቸው ብቻ ይነበብ ነበር። ጠባቂው ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን የጠፋ መጽሐፍ ከደመወዛቸው እንዳይቈረጥ የዓመቱን ቈጠራ ይፈሩ ነበር። ሰውየውን አልወቅሳቸውም፤ በማበደር የሚቀጣ እንጂ የሚመሰገን ማንም አልነበረም።

የኤሌክትሮኒክ ጽሑፍ ይህን ፍርሃት ሊያስወግድ ይገባው ነበር፤ ቢሰጥ አይጎድልምና። ለእርሻ ተማሪ በተለይ ሁለት ነገሮች መጥተዋል። በ1999 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከመቶ የሚበልጡ የእርሻና የተፈጥሮ ሳይንስ መጽሔቶችን በሲዲ አሳትሞ፥ የስልክ መስመር ለሌላቸው ኮሌጆች እንዲደርስ «ቲል» የተባለውን ስብስብ አወጣ። በ2003 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት «አጎራ» የተባለውን አገልግሎት ጀመረ፤ በዚህም ድኻ አገሮች የውድ መጽሔቶችን በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ወይም በጥቂት ዋጋ እንዲያነቡ ተፈቀደ። ነገር ግን አጎራ የሚከፈተው ለተመዘገበ ተቋም በሚሰጥ የይለፍ ቃል ነው፤ ቃሉም የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ለቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ነው። ኀላፊው ለተማሪው ካልነገረውና አፈላለጉን ካላስተማረው፥ መጽሔቱ በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ እንደ ተቈለፈ ይቀራል፤ ይባስ ብሎም ጀርባው እንኳ አይታይም። ደግሞም የውጭው መዝገብ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በብዛት ያቀርብለታል፤ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ ግን የራሱ ዩኒቨርሲቲ ዐቃቤ መጻሕፍት በቍቤው ካልመዘገበለት ሌላ ማን ይመዘግብለታል?

በ2012 ዓ. ም. የሆነው ደግሞ የጥንቱ ማኖር እንዳላረጀ አሳየ። በመጋቢት በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ተማሪው ወደ ጊንጪው፥ ወደ ጌዶው፥ ወደ ባኮው ቤቱ ገባ፤ በተለይም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በኢንተርኔት እንዲቀጥሉ ተነገረ። የአምቦ ተወላጅ የሆነው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን በአዲስ አበባ ተገደለ፤ በማግሥቱ የአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፥ ለሦስት ሳምንት ያህልም አልተመለሰም። ከተማው በሐዘን በነበረበት በዚያ ወራት ስለ መጽሔት ማውራት ቀላል ነገር ይመስል ይሆናል። ሆኖም በዚያን ጊዜ ሊነበብ የሚችለው አስቀድሞ ተገልብጦ በዲስክ፥ በስልክ ወይም በወረቀት የተቀመጠው ብቻ ነበረ፤ ጊዜ አልፎበታል የተባለው የሲዲ ስብስብ አሳብም መስመር አይጠይቅም። ስለዚህ የዛሬው ዐቃቤ መጻሕፍት የይለፍ ቃሉን ማደል ብቻ ሳይሆን፥ የተፈቀደለትን ያህል ጽሑፍ እያወረደ በቤቱ ኮምፒዩተር ማኖርም ሥራው ነው።

በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ማይክሮፊልም ሥራ፥ ሸዋን ጨምሮ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ያሉትን በሺህ የሚቈጠሩ ብራናዎች ፎቶግራፍ እያነሣ ቅጂውን በአሜሪካ በሚኒሶታ አኑሮ ነበር፤ ከዚያም ብዙው በኢንተርኔት እንዲታይ ሆኗል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የሸዋን ብራና ሥዕል በሚኒሶታ ያለ አንባቢ እንደ ወትሮው ይገልጥ ነበር። የአምቦው ተማሪ ግን ሊያየው የሚችለው ወደ ደብሩ ሄዶ፥ ገበዙን ቍልፍ ቢያስከፍት ብቻ ነበረ።