የወለል ጓዝ፦ ወንዝ ከሥሩ እየገፋ ለሚወስደው አሸዋና ጠጠር

አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አካባቢም ሆነ ሌላ ቦታ ሕንፃ ሲሠራ፣ ገልባጭ ያራገፈው አሸዋ ጥራቱ ካጠራጠረ በጠርሙስ ይፈተናል። እፍኝ አሸዋ ይገባል፤ ውኃ ይሞላበታል፤ በደንብ ተንጦ ይቀመጣል። አሸዋው ወዲያው ታች ይወርዳል። ጭቃው ግን ውኃውን እንዳደፈረሰ ይቆይና ከሰዓታት በኋላ ከአሸዋው በላይ ስስ ንጣፍ ሆኖ ይረጋል፤ መጠኑ ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠባል ወይም አይወሰድም። ወንዝም የሚሸከመውን የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው። ደቃቁ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል፤ ሻካራው አሸዋና ጠጠር ከሥር እየተንከባለለ፣ እየተንሸራተተ፣ አጭር አጭር እየዘለለ ይከተላል። መሐንዲሶች ይህን ሁለተኛውን «ቤድ ሎድ» ይሉታል። በዕለት ንግግራችን ግን ሁለቱንም «ደለል» ብለን እናልፋለን። ለሁለተኛው «የወለል ጓዝ» የሚል የራሱ ስም ሊኖረው ይገባል እላለሁ።

«የአልጋ ጭነት» ብሎ ቃል በቃል መመለስ አያስኬድም፤ በአማርኛ ወንዝ ወለል እንጂ አልጋ የለውም። «ጭነት» ደግሞ የተሸከሙት ሁሉ ስለሆነ የአካሄዱን ጠባይ አይናገርም። ጓዝ ይናገራል። በጥንቱ ዘመቻ ጦሩ ቀድሞ ሲገሰግስ ጓዙ ከኋላ እያዘገመ፣ በየሰፈሩ እያረፈ ይከተል ነበር። ጠጠርም ጎርፍ ሲመጣ ይነሣል፣ ጎርፉ ሲያልፍ ባለበት ያርፋል፤ ውኃው በቀናት የሚጨርሰውን መንገድ እሱ ብዙ ክረምት ይፈጅበታል። ኃይለኛ ጎርፍ አሸዋውንም ከወለሉ አንሥቶ ስለሚያንሳፍፈው ድንበሩ የጠራ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው። ያው ዕቃ አንድ ቀን በአህያ፣ ሌላ ቀን በትከሻ ቢሄድም ግን ጓዝነቱ አይቀርም፤ የሚለየው በብዛት የሚጓዝበት መንገድ ነው።

«ደለል ይበቃናል» ለሚለው መልሱ ከናይል ዴልታ ይመጣል። ዓባይ ከደጋችን ጠርጎ የሚወስደው አፈር በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሆን አብዛኛው ደቃቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ጭቃውንም አሸዋውንም አስቀረ። ጉዳቱ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ጭቃው የግብፅን እርሻ ያዳብር ነበርና በማዳበሪያ ለመተካት ተሞከረ። አሸዋው ደግሞ ማዕበል ከዳርቻው የሚወስደውን ይተካ ነበር፤ በራሺድ ወደ ባሕር የወጣው የዴልታው አፍንጫ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ኪሎ ሜትሮች ወደ ኋላ ተበልቷል፤ ቀደምት ግድቦች የጀመሩትን አስዋን አባባሰው፤ በመጨረሻም የድንጋይና የኮንክሪት ግንብ መሥራት ግድ ሆነ። ሁለቱን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው ይህን ልዩነት በምን ቃል ያስረዳል?

የደለል ጉዞን የሚያሰላ ሞዴል ይህን ልዩነት ከመነሻው ያውቀዋል። መሐንዲሱ አልበርት ሺልድስ በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ1936 ባቀረበው ሥራ፣ ውኃ ቅንጣትን የሚገፋበትን ኃይል ቅንጣቱ በውኃ ውስጥ ካለው ክብደት ጋር አነጻጸረ፤ ግፊቱ ከአንድ ወሰን ካላለፈ ጠጠሩ አይነቃነቅም። እ.ኤ.አ. በ1948 መሐንዲሶቹ ማየር-ፔተርና ሙለር ከወሰኑ የተረፈው ግፊት ምን ያህል እንደሚያጓጉዝ ቀመር አወጡ፤ ትርፉ እጥፍ ሲሆን ጓዙ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ስለዚህ የዓመቱን ጓዝ አብዛኛውን የሚያነሡት ጥቂት የጎርፍ ቀናት ናቸው፤ ጎርፍን የሚያለዝብ ግድብም ከበታቹ ያለውን ጠጠር ጭምር ባለበት ያስቀምጠዋል። ወንዙ ባሕር ሲገባ ይስፋፋል፣ ግፊቱም ይወድቃል፤ ሻካራው መግቢያው ላይ ቀድሞ ይራገፋል፣ ከዚያ ማዕበሉ ይረከበውና በዳርቻው ጎን ለጎን ያጓጉዘዋል፤ ጭቃው ራቅ ብሎ ይሄዳል። እነዚህ ቀመሮች ከትክክለኛው ብዙ እጥፍ ሊስቱ ይችላሉ፤ የወለሉን ጓዝ መለካት ራሱ ከባድ ነውና። ቢሆንም ጎርፍ ሲቀንስ ወይም ግድብ ሲጨመር ጓዙ ወዴት እንደሚያጋድል ያሳያሉ፤ ውሳኔ የሚሻውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

«ባሕር ለሌለን አገር ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። ጓዙን ለማራገፍ ግን ወንዝ የግድ ባሕር መድረስ የለበትም፤ ዋቢ ሸበሌ ራሱ ከባሌና ከአርሲ ተነሥቶ፣ የሕንድ ውቅያኖስ ጥቂት ሲቀረው ታጥፎ፣ በአብዛኛው ዓመት ረግረግ ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነው። ዳርቻ ደግሞ ሐይቅም አለው። ኦሞ ቱርካና ላይ ዴልታ ሠርቷል፤ ርብና ጉማራ ጣና ላይ ያራግፋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረውን የቆቃን ግድብ አዋሽ በደለል እየሞላው ነው። ለኮንክሪታችን የሚጫነውም የወንዝ አሸዋ ያው ጓዝ ነው፤ ከሚመጣው በላይ ሲዛቅ የወንዙ ወለል እየጎደጎደ የድልድይ ምሰሶ እግር ይራቆታል። በግድብ ጥናቶች ግን ይህ ጓዝ አብዛኛውን ጊዜ አይለካም፤ በተንሳፋፊው ደለል ላይ በግምት መቶኛ ይደመራል። መለካት ከርብና ከጉማራ ሊጀመር ይችላል፤ ክረምት ላይ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ ወለሉ ድረስ በሚወርድ የአሸዋ መያዣ።